የስልክ ሞገድ ዲኤንኤን ይበጥሳልን?

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ባሕር ዳር ውስጥ በምንኖርበት ሰፈር ባለ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ ላይ የስልክ አንቴና ሊተከል ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ወሬው በወርኃዊው የእድር ስብሰባችን ላይ ሲነሳ የመዋጮውና የድንኳኑ ጉዳይ ተረስቶ ጠዋቱ በሙሉ በዚሁ አለቀ። አንዱ አንቴናው ካንሰር ያመጣል አለ፤ ሌላው ካንሰሩ ይቅርና ገና ያልተወለዱትን ያጎድላል አለ፤ ሦስተኛው ይህ ሁሉ ከቲክቶክ የተለቀመ ተረት ነው ብሎ ሁለቱንም አስቆጣ። በመጨረሻ ከጥግ ተቀምጠው ሲያዳምጡ የቆዩ አንዲት እናት ወደ እኔ ዞር ብለው «ልጄ፣ አንተ ባዮሎጂ የምታስተምር ነህ። ጨረሩ ዲኤንኤ የሚሉትን ነገር ይበጥሳል ብለው ልጆቹ ከስልካቸው አንብበውልኛል፤ እውነት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አይበጥስም፣ እማማ» ብዬ መለስሁ። መልሱ ሐሰት አልነበረም፤ ሆኖም ማንንም አላሳመነም፤ ማሳመንም አልነበረበትም። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ አንድ ይመስላል እንጂ በውስጡ ሁለት ጥያቄዎች አሉት። የመጀመሪያው የስልክ ሞገድ በተፈጥሮው ዲኤንኤን ለመበጠስ የሚበቃ ኃይል አለው ወይ የሚል ሲሆን መልሱ የሚገኘው ከፊዚክስ ነው። ሁለተኛው በላቦራቶሪ ሞገዱ ከተለቀቀባቸው ሴሎች መካከል የተጎዳ ታይቷል ወይ የሚል ነው፤ ለዚህኛው መልስ ለመስጠት ሠላሳ ዓመት ያስቆጠረ፣ ሳይንቲስቶችን ያጨቃጨቀ ታሪክ መከተል ያስፈልጋል። ለእኚያ እናት በአንድ ቃል የመለስሁትን እዚህ በሰፊው እመልሳለሁ።

አስቀድሞ ግን ቃሉ ራሱ ያሳስተናል። በአማርኛ ከፀሐይ የሚመጣውም፣ ሆስፒታል ውስጥ ደረት የሚያነሳው መሣሪያ የሚለቀውም፣ ከስልክ የሚወጣውም ሁሉ «ጨረር» ይባላል። በመንግሥት ሰነዶችና በባለሙያዎች ዘንድ «ጨረራ» የሚል ቃል አለ፤ እሱም ብዙውን ጊዜ የሚውለው እንደ ኤክስሬይና እንደ ጋማ ላሉት፣ ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን ፈንቅለው ለማውጣት ለሚችሉት ብርቱ ዓይነቶች ነው። ይህ ልዩነት ግን ከሰነዶቹ ወጥቶ ወደ መንደር አልደረሰም። ስለዚህ አንድ ሰው «ጨረር» ሲባል ሲሰማ፣ የኤክስሬይ ክፍሉን ከባድ በርና በበሩ ላይ የተለጠፈውን የማስጠንቀቂያ ምልክት አስታውሶ ያንኑ ፍርሃት ወደ አንቴናው ቢያሻግር አይፈረድበትም። በዚህ ጽሑፍ ከስልክና ከአንቴና ለሚወጣው «የራዲዮ ሞገድ» የሚለውን እጠቀማለሁ፤ በባሕርዩም ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ከሚያስተላልፉበት ሞገድ የተለየ አይደለም።

ዲኤንኤ በእያንዳንዱ ሴላችን አስኳል ውስጥ ተጠቅልሎ የሚገኝ፣ እንደተጠመዘዘ መሰላል ያለ ረጅም ሞለኪውል ነው። ከአንድ ሴል ወጥቶ ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ያህል ይሆናል፤ የሚታጨቅበት አስኳል ግን ስፋቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ ያንሳል። ጉዳቱም መልኩ ብዙ ነው። ከመሰላሉ ሁለት ቋሚዎች አንዱ ሊበጠስ ይችላል፤ ይህን ሴሉ ሌላኛውን ቋሚ እንደ ድጋፍ አድርጎ በቀላሉ ይጠግነዋል። ሁለቱም ቋሚዎች አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሱ ጥገናው ከባድ ነው፤ ጠጋኙም ተሳስቶ የማይገናኙትን ጫፎች ሊያጋጥም ይችላል። ከዚህ ሌላ የመሰላሉ እርከኖች ሊወልቁ ወይም ጎን ለጎን ያሉ እርከኖች እርስ በርስ ሊጣበቁ ይችላሉ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር ዲኤንኤ ማንም ሳይነካው ዘወትር የሚጎዳ መሆኑ ነው። የሰውነታችን ሙቀትና በውስጣችን ያለው ውሃ ብቻ ከአንድ ሴል ዲኤንኤ ላይ በየቀኑ ወደ 10,000 የሚጠጉ እርከኖችን ያወልቃሉ። ይህን መፈራረስ ካሳዩት ተመራማሪዎች አንዱ ስዊድን የተወለደው ቶማስ ሊንዳል ሲሆን፣ ሴሎች ጉዳቱን እንዴት እንደሚጠግኑ በማስረዳቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ከፖል ሞድሪችና ከአዚዝ ሳንጃር ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተካፍሏል። እንግዲህ «ዲኤንኤ ተጎዳ» የሚል ዜና ስናነብ ልንጠይቅ የሚገባን ጉዳቱ ሳይጠገን ቀርቷል ወይ፣ በየቀኑ ከሚደርሰው በላይስ ነው ወይ ብለን ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንምጣ። ማንኛውም ጨረር ኃይሉን የሚያስረክበው ፎቶን በሚባሉ በተቆጠሩ እሽጎች ነው፤ የእያንዳንዱ እሽግ መጠን የሚወሰነው ሞገዱ በሰከንድ በሚርገበገብበት ብዛት ነው። ይህን አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ስለ ብርሃን በጻፈው ጽሑፍ አስቀምጦታል። በ900 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 900 ሚሊዮን ጊዜ በመርገብገብ የሚሠራ የስልክ ሞገድ አንድ ፎቶን የሚይዘው 0.0000037 የኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ የኤሌክትሮን ቮልት እንዲህ ያለ እጅግ ትንሽ ኃይል የሚለካበት መስፈሪያ ነው። የዲኤንኤን አቶሞች አንድ ላይ የያዙት ኬሚካላዊ ትስስሮች እያንዳንዳቸው ለመበጠስ ከ3 እስከ 5 የሚደርስ የኤሌክትሮን ቮልት ይፈልጋሉ። ልዩነቱ ወደ አንድ ሚሊዮን እጥፍ ይጠጋል።

አንድ ሚሊዮን የሚለው ቁጥር ለማሰብ ስለሚያስቸግር በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ የማቀርበው ምሳሌ አለ። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ሲመዘን አንድ ሦስተኛ ግራም ቢሆን ነው፤ አንድ ሚሊዮን ፍሬ ደግሞ ሦስት መቶ ግራም ገደማ፣ ማለትም እጅ የሚሞላ ድንጋይ ያክላል። ከዛፍ ላይ ያለ ማንጎ በእንዲህ ያለ ድንጋይ አንድ ጊዜ በደንብ ከተመታ ይወድቃል። ነገር ግን ያንኑ ክብደት ጤፍ በፍሬ በፍሬ እያደረግን ብንወረውርበት፣ እንኳን ሦስት መቶ ግራም አንድ ኩንታል ብንጨርስም፣ የማንጎው ዘንግ አይበጠስም። ዘንጉን የሚበጥሰው የአንዱ ምት ብርታት ነውና የምቶቹ ቁጥር መብዛት አይተካውም። አንቴናው የሚለቀው ኃይል ሲጨምር የሚጨምረው የጤፉ ፍሬ ብዛት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ፍሬ ያው ጤፍ ሆኖ ይቀራል።

እንዲያውም ከዚህ የበለጠ የሚያስገርም ንጽጽር አለ። በ37 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ያሉ የሰውነታችን ሞለኪውሎች ሁልጊዜ ይንቀጠቀጣሉ፤ እርስ በርስም ይጋጫሉ። የዚህ ተራ ግጭት መጠነኛ ኃይል 0.027 የኤሌክትሮን ቮልት ያህል ሲሆን፣ ከስልኩ ፎቶን ሰባት ሺህ ጊዜ ይበልጣል። ዲኤንኤያችን በሕይወት በመኖራችን ብቻ ከስልኩ ፎቶን እጅግ የበረታ ግፊያ በየቅጽበቱ እየቻለ ይኖራል ማለት ነው።

ጤፉ ሲከማች ግን ይከብዳል፤ ምሳሌው የሚያነክሰው እዚህ ላይ ነው። የራዲዮ ሞገድ ፎቶኖች ሲበዙ የውሃ ሞለኪውሎችን እያወዛወዙ ሙቀት ይፈጥራሉ። የማይክሮዌቭ ምድጃ ምግብ የሚያሞቀው በዚሁ መንገድ፣ በ2,450 ሜጋኸርዝ ነው። ሙቀት ከመጠን ካለፈ ደግሞ ሴልን ይጎዳል፤ ዲኤንኤን የሚጠግኑትን ፕሮቲኖችም ያዛባል። ስለዚህ «የራዲዮ ሞገድ በምንም ሁኔታ ሴልን አይጎዳም» የሚል ሰው ተሳስቷል። ዓለም አቀፍ የጥንቃቄ ወሰኖች የተሰሉትም ይህንኑ ሙቀት መሠረት አድርገው ነው። በየኪሎ ግራም ሰውነት 4 ዋት ያህል ኃይል ለግማሽ ሰዓት ገደማ ቢሰርግ የሰውነት ሙቀት በአንድ ዲግሪ አካባቢ ይጨምራል። አዮን ከማይፈጥሩ፣ ማለትም ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን ፈንቅለው ከማያወጡ ጨረሮች ለመጠበቅ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1998 አውጥቶ በ2020 ባደሰው መመሪያ፣ ለሕዝብ የተፈቀደውን ለመላ ሰውነት የዚያ ሃምሳኛ እጅ፣ ማለትም በኪሎ ግራም 0.08 ዋት አድርጎታል። ዝም ብለን ተቀምጠን ሳለ የራሳችን ሰውነት በየኪሎ ግራሙ ከአንድ ዋት በላይ ሙቀት ያመነጫል። ጆሮ ላይ ለሚለጠፍ ስልክ፣ ለጭንቅላት የተቀመጠው ወሰን ላቅ ይላል፤ በአሥር ግራም ሥጋ ላይ ተሰልቶ በኪሎ ግራም 2 ዋት ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው ስሌት ነው። ስሌቱ ዲኤንኤ በፎቶን ምት በቀጥታ እንደማይበጠስ ያሳያል፤ በሌላ በተዘዋዋሪ መንገድ ይጎዳ እንደሆነ ግን አይናገርም። ያን ለማወቅ ሴሎችን ሞገድ ውስጥ አስቀምጦ ማየት ግድ ነው፤ ክርክሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በዚህ ሥራ በብዛት የሚሠራበትን ምርመራ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ ውጤቱን ለመመዘን ያለ እሱ አይቻልምና። ምርመራው በእንግሊዝኛ የተሰየመው በጅራታም ኮከብ ነው፤ በአጉሊ መነጽር የሚታየው ያንን ስለሚመስል። በሞገድ ውስጥ የቆዩት ሴሎች አጋሮዝ ከሚባል፣ ሲበርድ እንደ አጥሚት ከሚረጋ ነገር ጋር ይደባለቁና በቀጭን መስተዋት ላይ ይፈስሳሉ። መስተዋቱ ጨውና ሳሙና መሰል ነገር ያለበት ፈሳሽ ውስጥ ሲነከር የሴሉ ሽፋን ይሟሟል፤ ዲኤንኤው ብቻ ተጠቅልሎ ባለበት ይቀራል። ከዚያ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይለቀቅበታል። ያልተበጠሰ ዲኤንኤ ትልቅ ስለሆነ ከቦታው አይነቃነቅም፤ የተበጣጠሰው ግን በጅረቱ እየተሳበ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። በሚያበራ ቀለም ተቀብቶ ሲታይ፣ ጤነኛው ሴል ክብ ነጥብ ሆኖ፣ የተጎዳው ደግሞ ከኋላው የጭስ ጅራት የሚያስከትል ሆኖ ይታያል። የጅራቱ ርዝመትና ድምቀት የጉዳቱ መለኪያ ነው።

ይህ ምርመራ ጥቃቅኑን ጉዳት ሳይቀር የሚይዝ ነው፤ ደካማ ጎኑም ከዚሁ የመጣ ነው። ሴሎቹ ትንሽ ቢሞቁ፣ ብርሃን ቢመታቸው፣ ከእንስሳው ከወጡ በኋላ ቢዘገዩ፣ ጅራት ያበቅላሉ። ጅራቱን የሚለካው ሰው የትኛው መስተዋት ሞገድ እንዳገኘ ካወቀ ደግሞ፣ ሐቀኛ ቢሆንም እንኳ፣ ዓይኑ ያዳላል። ስለዚህ ጥሩ ጥናት ማለት ሌላው የሴል ሳህን በዚያው ዓይነት ሳጥን፣ በዚያው ሙቀት፣ ሞገዱ ብቻ ጠፍቶ የሚቀመጥበት፣ ለካሚውም የቱ የቱ እንደሆነ የማያውቅበት፣ ከጎንም በኤክስሬይ ሆን ተብሎ የተጎዳ ሴል ለማመሳከሪያ የሚኖርበት ነው። ከታተሙት ጥናቶች ብዙዎቹ ከእነዚህ ሁኔታዎች አንዱን ወይም ሁለቱን አያሟሉም።

ዓለምን ያነቃነቀው ውጤት እ.ኤ.አ. በ1995 ከአሜሪካው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ወጣ። ሄንሪ ላይና ናሬንድራ ሲንግ አይጦችን ለሁለት ሰዓት በ2,450 ሜጋኸርዝ ሞገድ ውስጥ ካቆዩ በኋላ በአንጎል ሴሎቻቸው ውስጥ የነጠላ ክር፣ ማለትም ከመሰላሉ ቋሚዎች የአንዱ መበጠስ ጨምሮ አገኘን አሉ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ የጥንድ ክር መበጠስም ጨመሩበት። ሲንግ ምርመራው ዛሬ የሚሠራበትን መልክ ካወጡት ሰዎች አንዱ በመሆኑ ውጤቱ በቀላሉ የሚጣል አልነበረም። በሴንት ሉዊስ ከተማ የሚገኝ ሌላ ቡድን ያንኑ ለመድገም ሞከረ፤ በሳህን ላይ ባደጉ የሰው ሴሎችም ሆነ በአይጦች ጭማሪ ማግኘት አልቻለም። ቡድኑ በዚህ ሥራ ያስተዋለው አንድ ነገር ከሁሉ ይልቅ ትዝ ይለኛል፦ አይጦቹ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ታፍነው ሲገደሉ በአንጎላቸው ዲኤንኤ ላይ ጉዳት ይታያል፤ የጉዳቱም መጠን ከአይጥ አይጥ ይለያያል። ሞገዱ ሳይኖር፣ አገዳደሉ ብቻ ጅራት ያበቅላል ማለት ነው።

የሁለተኛው ምዕራፍ ቦታ አውሮፓ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የሰጠውና እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2004 የቆየው፣ በሰባት አገሮች ያሉ አሥራ ሁለት ቡድኖችን ያቀፈው «ሪፍሌክስ» የተባለ ፕሮጀክት ነበር። ከቡድኖቹ አንዱ በቪየና ከሰው ቆዳ የተወሰዱ ሴሎችን በ1,800 ሜጋኸርዝ ሞገድ ውስጥ አቆይቶ የዲኤንኤ መበጠስን አየሁ ሲል እ.ኤ.አ. በ2005 አሳተመ። የኃይሉ መጠን ለጭንቅላት ከተፈቀደው ወሰን ያልበለጠ፣ ሴሎቹም የሰው ስለነበሩ ይህ ከአይጡ ይልቅ አሳሳቢ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በጀርመኗ ኡልም ከተማ ያለ ላቦራቶሪ በተመሳሳይ ሴሎች፣ በተመሳሳይ የሞገድ ሳጥንና በተመሳሳይ መጠን ሙከራውን ደገመው፤ ምንም ጉዳት አላገኘም። የቪየናው መረጃ አኃዛዊ ትንተናም ከሌሎች ሳይንቲስቶች ብርቱ ትችት ገጥሞታል።

አንድ ወገን «ታየ» ሲል ሌላው «አልታየም» ሲል ውጤቱ አቻ የወጣ የእግር ኳስ ጨዋታ ይመስላል። በዚህ አልስማማም። በእውነት ያለ ነገር ጥናቱ በተሻሻለ ቁጥር ይበልጥ ጎልቶ ሊታይ ይገባዋል፤ ኤክስሬይ በዲኤንኤ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ማንኛውም ተማሪ በማንኛውም ላቦራቶሪ ቢሞክረው ያገኘዋል፤ መጠኑን ሲጨምርም ጉዳቱ ይጨምርለታል። በራዲዮ ሞገድ ግን የሚታየው ተቃራኒው ነው፤ ቁጥጥሩ በጠበቀ፣ ለካሚው የቱ የቱ እንደሆነ ባላወቀ፣ ሙቀቱ በተመጠነ መጠን ውጤቱ እየሳሳ ይሄዳል።

ሆኖም ያልተዘጋ በር መኖሩን መደበቅ ለአንባቢ አይገባም። የአሜሪካ መንግሥት ብሔራዊ የመርዝ ጥናት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱን ያሳተመው ትልቅ ጥናት ሁለት ዓይነት አይጦችን፣ ትላልቆቹንና ትናንሾቹን፣ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ያህል ለሁለት ዓመት በሞገድ ውስጥ አቆይቷል። በትላልቆቹ ወንድ አይጦች ልብ ላይ የነርቭ ሽፋን ዕጢ መጨመሩን አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ተከታይ ጽሑፍ ደግሞ በአንዳንድ ክፍሎች፣ ለምሳሌ በትናንሾቹ ወንድ አይጦች የፊት አንጎል፣ የዲኤንኤ ጉዳት ጭማሪ እንደታየ ዘግቧል። በሌሎች ክፍሎች አልታየም። ይህን ውጤት ይዞ ወደ ሰው ለመሻገር የሚፈልግ ሰው ሁለት ነገሮችን አብሮ መሸከም ይኖርበታል። ትላልቆቹ አይጦች በመላ ሰውነታቸው ያገኙት ከፍተኛ መጠን በኪሎ ግራም 6 ዋት ሲሆን ለሕዝብ ከተፈቀደው ሰባ አምስት እጥፍ ነው፤ ይህ መጠን ደግሞ ሰውነትን የሚያሞቅ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ግራ የሚያጋባ ነው፦ ሞገዱን ያገኙት ትላልቆቹ ወንድ አይጦች ካላገኙት ይልቅ ረጅም ዕድሜ ኖረዋል። ከዚህ ተነስቶ አንቴና ዕድሜ ያረዝማል የሚል ሰው የለም፤ ካንሰሩን ብቻ መርጦ መውሰድም እንዲሁ አያስኬድም።

በተዘዋዋሪ ይሆናል ከተባሉት መንገዶች ዋነኛው፣ ሞገዱ በሴል ውስጥ ፈጣን ምላሽ ያላቸውን የኦክስጅን ቅንጣቶች ያበዛል፣ እነሱ ደግሞ ዲኤንኤን ያጠቃሉ የሚለው ነው። ሐሳቡ ከንቱ አይደለም፤ እነዚህ ቅንጣቶች ሰውነታችን ምግብን ከማቃጠሉ፣ ከሲጋራና ከበሽታ መቆጣት የሚመጡና በእርግጥም ዲኤንኤን የሚጎዱ ናቸው። የጎደለው፣ ያለ ሙቀት ሞገዱ እንዴት ሊያበዛቸው እንደሚችል የሚያስረዳ፣ በተደጋጋሚም የታየ አሠራር ነው።

በእድሩ ስብሰባ ላይ «የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ካንሰር ያመጣል ብሏል» ያለ ወጣት ነበር። ወጣቱ ያነበበው ሐሰት አይደለም፤ የተተረጎመበት መንገድ ግን ተበላሽቷል። በድርጅቱ ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2011 የራዲዮ ሞገድን «ምናልባት ካንሰር ሊያመጡ ከሚችሉ» ነገሮች ምድብ፣ በ2ለ፣ ውስጥ አስቀምጦታል። ይህ ምድብ ማስረጃው ውሱን ሲሆን፣ ነገር ግን ፈጽሞ ሊዘጋ ሳይቻል ሲቀር የሚሰጥ ነው። በዚያው ምድብ ሙሉ የእሬት ቅጠል ጭማቂ አለ። በአንደኛው ምድብ፣ ማለትም ካንሰር እንደሚያመጡ በተረጋገጠው ውስጥ ደግሞ የፀሐይ ጨረር፣ ትምባሆና አልኮል ሰፍረዋል፤ በሠርግና በማኅበር የምንቀዳው አረቄና ጠላ ከአንቴናው በላይ ተቀምጠዋል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በሰዎች ላይ የተሠራውም ጥናት ተከማችቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ያሠራውና እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ግምገማ ስድሳ ሦስት ጥናቶችን መርምሮ፣ ስልክን ከአሥር ዓመት በላይ በሚጠቀሙ ሰዎች ላይ እንኳ የአንጎል ካንሰር መጨመርን አላገኘም። ዲኤንኤ በእውነት እየተበጠሰ ቢሆን ኖሮ በቢሊዮን የሚቆጠር ሰው ስልክ ሲይዝ ይህ ያህል ዓመት ተሸሽጎ ለመቆየት ይከብደዋል።

ስለ 5ጂ ብዙ መናገር አያስፈልግም። በአብዛኛው የሚሠራው እስከ ዛሬ ከምናውቃቸው ጋር በሚቀራረብ ሞገድ ነው፤ ከ24,000 ሜጋኸርዝ በላይ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ ከቆዳ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ አልፎ አይገባም፤ ፎቶኑም አሁንም ከሰውነታችን ሙቀት ግፊያ ያነሰ ነው።

ወደ ሰፈራችን ጣሪያ ልመለስ። አንድ አንቴና 40 ዋት ይለቃል ብለን፣ ኃይሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ በመሰብሰብ በዚያ አቅጣጫ ሃምሳ እጥፍ ያበረታዋል ብለን፣ ሰውዬውን ደግሞ በ50 ሜትር ርቀት ልክ በሞገዱ ፊት ለፊት ብናቆመው፣ የሚደርሰው በካሬ ሜትር 0.06 ዋት ገደማ ነው። በ900 ሜጋኸርዝ ለሕዝብ የተፈቀደው 4.5 ዋት ነው፤ ሰባኛ እጁ መሆኑ ነው። ይህ ደብተሬ ላይ የሠራሁት ስሌት እንጂ በመሣሪያ የተለካ አይደለም፤ አንቴናዎቹን አሥር ብናደርጋቸውም ግን ከወሰኑ ሰባተኛ እጅ አያልፍም። ከአንቴናው በቀጥታ ሥር የሚኖረው ሰው ደግሞ ከሁሉ ያነሰ ያገኛል፤ ሞገዱ እንደ ባትሪ መብራት ወደ ፊት የሚበራ በመሆኑ፣ ጨለማው ያለው እግሩ ሥር ነው።

ሰውነታችን ላይ በብዛት የሚያርፈው ከማማው የሚመጣው ሳይሆን ጆሯችን ላይ ከያዝነው ስልክ የሚወጣው ነው፤ ስልኩም የሚጮኸው፣ ማለትም ኃይሉን ከፍ የሚያደርገው፣ ማማው ሲርቀው ነው። ከባሕር ዳር ወደብ በጀልባ ወደ ዘጌ የሄደ ሰው ይህን ሳያውቀው አይቶታል። ከተማው እየራቀ ሲሄድ የኔትዎርኩ ሰረዞች አንድ በአንድ ይወድቃሉ፤ ባትሪው ያለወትሮው ቶሎ ይወርዳል፤ ስልኩም ይሞቃል። ስልኩ ድምፁን ለማሰማት ኃይሉን በመቶዎች እጥፍ ከፍ ያደርጋልና። በሰፈሩ አንቴና እንዳይተከል የሚከላከል ሰው የራሱንና የልጆቹን ስልክ ጮክ ብሎ እንዲናገር እያስገደደ እንደሆነ ሳስብ ነገሩ ያስቀኛል። ቢሆንም መጠኑ በወሰኑ ውስጥ ነው፤ የሚሰጋ ሰው ድምፁን በስፒከር ወይም በኢርፎን ቢያዳምጥ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር የሚደርሰው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል።

ዲኤንኤን በእርግጥ የሚጎዳ ጨረር ጣና ላይ አለ፤ ከላይ ነው የሚመጣው። ከፀሐይ የሚወጣው አልትራቫዮሌት ቢ የሚባለው ጨረር አንድ ፎቶኑ 4 የኤሌክትሮን ቮልት ገደማ አለው፤ ጤፍ ሳይሆን ድንጋዩ ይህ ነው። ቆዳ ላይ ሲያርፍ ጎን ለጎን ያሉትን የዲኤንኤ እርከኖች እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል፤ ይህም በየትኛውም ላቦራቶሪ ተደጋግሞ የታየ ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል ወደ 1,800 ሜትር ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ጨረሩን የሚያጣራው አየር ከቆላው ይልቅ ስስ ነው። በሚያዝያ 12 አካባቢ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ፀሐይ በባሕር ዳር ላይ ልክ አናት ላይ ትቆማለች፤ የሰው ጥላ እግሩ ሥር ይሰበሰባል። በዚያ ሰዓት በደንገል ታንኳ ላይ ተቀምጦ መረቡን የሚስብ ዓሣ አጥማጅ ስልኩን ውሃ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልሎ ከጉያው ሸጉጦታል፤ አንገቱና ክንዱ ግን ገላጣ ናቸው። የቆዳችን ጥቁረት ብዙውን ይከላከላል፣ ሁሉንም ግን አይደለም፤ ይህ ጥቁረት በተፈጥሮ ለሌላቸው፣ አልቢኒዝም ላለባቸው ወገኖቻችን ደግሞ የፀሐይ ጨረር የሚያመጣው የቆዳ ካንሰር በወጣትነት የሚቀጥፍ ነው። በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ እንዲህ ያለ ልጅ ያለ ኮፍያ ቆሞ ባየሁ ቁጥር ከማንኛውም አንቴና ይልቅ ያስደነግጠኛል።

በተከታዩ የእድር ስብሰባ ከዚህ የሚያህለውን አሳጥሬ ነገርኋቸው። እኚያ እናት የጤፍና የድንጋዩን ነገር ወደዱት፤ «ታዲያ ሌሊት የማያስተኛን ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። በዚያ መካከል አንቴናው ተተክሎ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚነሳ ጀነሬተር ከሕንፃው ጀርባ ተቀምጦ ነበር፤ ጭሱም በቀጥታ የሚገባው ወደ እሳቸው ጓዳ ነው። የናፍጣ ጭስ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በዚያው የካንሰር ተቋም አንደኛ ምድብ ውስጥ እንዳለ ነገርኋቸው። የእድሩ ጸሐፊ አስቀድሞ ያረቀቀውን ማመልከቻ አወጣና «ጨረር» የሚለውን ሰርዞ «የጀነሬተር ጭስና ድምፅ» ብሎ ጻፈበት፤ ሠላሳ አንድ ሰው ፈረመ።